መንገደኛ የሠራው ሰፈር

ናዝሬት ውስጥ ቤት የሚያሳይ ደላላ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገር ይነግራችኋል። ለአስፋልት ቅርብ ነው። ውሃ አይጠፋም። ግቢው ጸጥ ያለ ነው። አራተኛ ነገር ከጨመረ ኪራዩን በተመለከተ «እናነጋግራቸዋለን» የሚል ተስፋ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ማን እንደሚኖር፣ ሌሊት ብትታመሙ የማንን በር እንደምታንኳኩ ግን አይነግራችሁም። ተከራይም ይህን አይጠይቅ!

እኛ ዛሬ ልንጠይቅ ነው። አንድን ሰፈር ለመኖር ጥሩ የሚያደርገው ምንድን ነው? ጥያቄው የመሐንዲስ ይመስላል። መልሱ ግን ያለው ታሪክ ውስጥ ነው ባይ ነን። ታሪኩን ለመፈለግ ደግሞ ከአዳማ የተሻለ ከተማ አይገኝም፤ ምክንያቱም አዳማ መንገደኛ የሠራት ከተማ ናት። የማይተዋወቁ ሰዎች እንዴት ጎረቤት ይሆናሉ የሚለውን ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ስትመልስ ኖራለች።

(ስሟን በተመለከተ እንደ ነዋሪዎቿ ነን፤ አንዳንዴ አዳማ፣ አንዳንዴ ናዝሬት እንላታለን። አንባቢ ይታገሰን።)

ጌታው የመረጠው ጎረቤት

«ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ ታሪክ አለው። ሰፈረ ማለት ጉዞውን ገታ አድርጎ አረፈ፣ ድንኳኑን ተከለ ማለት ነው። ሰፈርም የሠራዊት ማረፊያ ነበር። አዲስ አበባ የተወለደችው እንዲህ ነው። ንጉሡ መሀል ላይ፣ መኳንንቱ ዙሪያውን፣ ጭፍራውና አገልጋዩ ደግሞ በየጌታው ግቢ ሥር ሰፈረ። ራስ ተሰማ ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር የሚባሉት ስሞች የዚያ ዘመን ቅሪቶች ናቸው። በዚያ ሥርዓት ጎረቤትህን የሚመርጥልህ ጌታህ ነበር። ሀብታምና ድሃ በአንድ አጥር ዙሪያ ይኖር ነበር ብለን የምናደንቀውም ከዚሁ የመጣ ነው። ድሃው እዚያ የተገኘው ጌታውን ሊያገለግል ነዋ!

አዳማ ሌላ ታሪክ አላት። እ.አ.አ. በ1897 ከጅቡቲ መዘርጋት የጀመረው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋን ወለደ። ከዚያ በገንዘብና በውል ጭቅጭቅ ዓመታት ቆሞ፣ አዋሽን ተሻግሮ ወደ ሸዋ ወጣ። በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ በመንገዱ ላይ ጣቢያዎች ዘርቶ ነበር። አዳማም ሞጆም የዚያ ዘር ፍሬዎች ናቸው።

ቦታው ግን ባዶ አልነበረም። ባቡሩ ሲመጣ አገሩ የኦሮሞ ከብት አርቢዎችና አራሾች ነው። የከተማዋ ስምም «አዳሚ» ከሚባለው ቁልቋል መሰል ዛፍ እንደመጣ ይነገራል። ኦሮምኛ ለጎረቤት የራሱ ቃል አለው፤ «ኦላ» ይለዋል። አማርኛ ደቦ የሚለውን የጋራ ሥራም ኦሮምኛ በራሱ አፍ «ዳቦ» ይለዋል። ስለዚህ ባቡሩ ጉርብትናን ይዞ አልመጣም፤ ጉርብትና ቀድሞ እዚያው ነበር። ባቡሩ ይዞ የመጣው የማይተዋወቀውን ሰው ነው።

ናዝሬት የሚለውን ስም ያወጡት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ ከመጽሐፍ ቅዱሷ ናዝሬት ወስደው። በ1992 ዓ.ም. ከተማዋ የኦሮሚያ ክልል ዋና ከተማ ስትደረግ አዳማ የሚለው ስም በይፋ ተመለሰ። ዋና ከተማነቱ በ1997 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ስሙ ቀረ። ከተማዋም ከነሁለት ስሟ ቀጠለች።

አሁን ወደ ጣቢያው እንመለስ። የባቡር ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ ባለ ጋሪው፣ ጠጅ ቤት ከፋቿ አንዱ ከሐረርጌ፣ አንዱ ከጉራጌ፣ አንዱ ከመንዝ፣ አንዱ ከአርሲ ይመጣል። የጋራ ጌታ የላቸውም። የጋራ አያት የላቸውም። ብዙ ጊዜ የጋራ ሃይማኖትም የላቸውም። የአዳማ ሰፈሮችን ስም አድምጡ፤ ፖስታ ቤት፣ መብራት ኃይል፣ ወንጂ ማዞሪያ። የራስ እገሌ፣ የደጃች እገሌ የሚለው ነገር የለም። ስማቸው የሥራና የመንገድ ስም ነው። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ቦታ ሰው ቢሞት ማን ይቀብረዋል?

በደንብ የተጻፈ ዘመድ

መልሱ እድር ነው።

እድር የጥንት ባህል ይመስለናል፤ ከአክሱም ዘመን ጀምሮ የነበረ እናስመስለዋለን። አጥኚዎች ግን ታሪኩን ከከተሞች መስፋፋት ጋር ያያይዙታል። በሃያኛው ምዕተ ዓመት፣ ከገጠር ወጥቶ ከዘመድ የራቀ ሰው በብዛት ባለበት ቦታ የተስፋፋ ነገር ነው። ነገሩም ግልጽ ነው። ገጠር ላይ ሟችን የሚቀብረው ዘመድ ነው። ከተማ ላይ ዘመድ የለም፤ ስለዚህ ዘመድን በውል መሥራት ግድ ሆነ።

እስቲ አሠራሩን ልብ በሉት። ወርሃዊ መዋጮ አለ። መዝገብ አለ። ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ አለ። የጋራ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ድስትና ብርጭቆ አለ። ጥሩምባ ነፊ አለ። ቀብር የቀረ ይቀጣል። ለቅሶ ላይ ድንኳን ተክሎ የሚያድር ተራ ይወጣለታል። እነዚህ ሁሉ በመተዳደሪያ ደንብ የተጻፉ ናቸው። ደንቡ «ጎረቤትህን ውደድ» አይልም። «ሰኞ ጠዋት ካልተገኘህ ይህን ያህል ብር ትከፍላለህ» ይላል። ፍቅሩ በኋላ የሚመጣ ነው፤ አንዳንዴም አይመጣም። ሬሳው ግን ይቀበራል፣ የሐዘንተኛው ቤትም ባዶውን አያድርም።

ለእኛ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ጥሩ ሰፈር ከጥሩ ሰዎች የሚጀምር ቢሆን ኖሮ ዕድል ያስፈልገን ነበር። የመንገደኛ ከተሞች ያስተማሩን ግን ሌላ ነው፤ ጥሩ ሰፈር የሚጀምረው ማንም ተራ ሰው ሊፈጽመው ከሚችል ትንሽ ግዴታ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት የሎሚ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የክፍፍል ሒሳብ ነው።

ዓይን ያለው መንገድ፣ ጆሮ ያለው ግድግዳ

እ.አ.አ. በ1961 ጄን ጃኮብስ የምትባል የኒውዮርክ ጋዜጠኛ ስለ አሜሪካ ታላላቅ ከተሞች ሞትና ሕይወት አንድ መጽሐፍ አወጣች። መሐንዲስ አይደለችም። ግሪንች ቪሌጅ በሚባል ሰፈር ከመስኮቷ ወደ መንገዱ የምታይ ሴት ነበረች። ያለችው በአጭሩ ይህ ነው፤ መንገድን ሰላም የሚያደርገው ፖሊስ ብቻ ሳይሆን የነዋሪው ዓይን ነው። ሱቅና መኖሪያ የተቀላቀለበት፣ አሮጌና አዲስ ቤት ጎን ለጎን የቆመበት፣ ሰው ቀኑን ሙሉ በእግሩ የሚመላለስበት ሰፈር ራሱን ይጠብቃል።

አዳማን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል። ደጃፍ ላይ ጉሊት የዘረጋች ሴትዮ፣ ከፊት ለፊቷ ሱቅ፣ ከሱቁ ጎን ልብስ ሰፊ፣ ማዞሪያው ላይ ድሮ ባለ ጋሪ ዛሬ ባለ ባጃጅ። ልጅ ጨው ተልኮ ሲሄድ ስንት ዓይን ያየዋል? ከየቤቱ አጥፍቶ ቢገኝ ስንት ሰው ይቆጣዋል? ጃኮብስ በመጽሐፍ የተከራከረችለትን ሰፈር እኛ ሳናነብ ኖረንበታል።

ግን እውነቱን ሙሉውን እንናገር። የጎረቤት ዓይን ሁልጊዜ ጠባቂ አይደለም።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት አደረገ። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለትም ቀበሌ፣ የተወለደው ያኔ ነው። (ኦሮምኛ ቀበሌን «ገንዳ» ይለዋል፤ መንደር ማለት ነው።) ዝቅተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ቀበሌው ኪራይ ይሰበስባል፣ መታወቂያ ይሰጣል፣ ስኳር ያከፋፍላል፣ ጸብ ይዳኛል። በቀይ ሽብር ዘመን ግን ያው ቀበሌ እስር ቤት ሆነ፣ አብዮት ጥበቃ አሰማራ። ማን ወጣ፣ ማን ገባ፣ ማን ቤት መብራት አመሸ የሚለው ቀድሞ የጉርብትና ወሬ ነበር። በዚያን ጊዜ የሞትና የሕይወት መረጃ ሆነ። ብዙ ሰው ከጎረቤቱ መጋረጃ መዝጋት የተማረው ያኔ ነው፤ እኛም የወላጆቻችንን ዝምታ ወርሰናል።

ከዚያው አዋጅ ግን ያልታሰበ ነገርም ወጣ። የቀበሌ ቤት ኪራዩ ርካሽ ስለነበር ሰው አልተነቃነቀም። ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት በአንድ ግቢ ኖረ። ቤቱ ያረጃል፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ የሚያድሰው የለም። ኪራዩ ሲወርድ ጥገናውም አብሮ ወርዷልና። ሰዉ ግን ይተዋወቃል። የአንዷ ልጅ የሌላዋን ጡት ጠብቶ ያድጋል። ለእድር የሚያስፈልገው ትልቁ ካፒታል ጊዜ ነው፤ ሰው ነገም እዚሁ እንደሚኖር ማወቅ ነው። የቀበሌ ቤት ያንን ጊዜ በፈሰሰ ጣሪያ ዋጋ ሸጠልን።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። ሰፈር ጥሩ የሚሆነው ሰው ሲቆይበት ነው። ዓይኑ የሚጠቅመው ደግሞ ደንቡን ነዋሪው ራሱ ሲጽፈው ነው፤ ከላይ የተላከ ሲሆን ዓይኑ ወደ ጆሮ ይለወጣል።

ኩባንያ የሠራው ሰፈር

«ታዲያ ሁሉን አሟልቶ የሚሰጥ ቢገኝስ?» የሚል ይኖራል። ተገኝቶ ያውቃል። ከአዳማ ብዙም ሳይርቅ ወንጂ አለላችሁ።

ኤችቪኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ወንጂ ላይ እ.አ.አ. በ1954 ስኳር ማምረት ጀመረ። በ1962 ሁለተኛው ፋብሪካ ሸዋ ተጨመረ። በዚያ መሬት ላይ ከብት ያሰማሩ የነበሩት የጅሌ ኦሮሞዎች ስፍራቸውን ለሸንኮራው ለቀቁ። ኩባንያው ቤት ሠራ፣ ሐኪም ቤት ከፈተ፣ ትምህርት ቤት ከፈተ፣ የኳስ ሜዳ አስተካከለ። በዚያን ጊዜ በነበረችው ኢትዮጵያ ይህን ሁሉ በአንድ ላይ ያገኘ ሠራተኛ ጥቂት ነው። ነገር ግን ቤቱ በማዕረግ ነበር። የሆላንዶቹ ሠፈር ሌላ፣ የባለሙያው ሌላ፣ ሸንኮራ ቆራጩ የሚያድርበት ሌላ። የሰው ደረጃ ከጣሪያው ይነበብ ነበር።

የወንጂ ሌላው ታሪክ ከመሬት በታች ነው። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ በተፈጥሮው ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ የወንጂ አካባቢ ጉድጓዶች ከዚያ እጅግ አልፈው ተገኝተዋል። የዚያ አካባቢ ልጆች ጥርስ የቡና ቀለም የያዘው ከዚህ የተነሳ ነው። ለብዙ ዓመታት በጠጡት ላይ ደግሞ ጉዳቱ አጥንት ድረስ ዘልቆ አከርካሪና መገጣጠሚያን አስሯል። ይህን የምናነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ጉርብትና ስንዘምር ውሃውን እንዳንረሳ ነው። ምንም ያህል ብንዋደድ፣ ምንም ያህል ቡና ብንጠራራ፣ ጉድጓዱ ካጎበጠን ሰፈሩ ጥሩ ሰፈር አይደለም። አዳማም ራሷ በኮረብታ የተከበበች ጎድጓዳ ስፍራ ላይ ናት፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ከኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ የሰፈር ፍቅር አያቆመውም። ቦይ ነው የሚያቆመው።

ፋብሪካዎቹ እ.አ.አ. በ1975 ተወረሱ፤ ሁለቱም አሮጌ ፋብሪካዎች በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዓመታት ሥራ አቁመው በአዲስ ፋብሪካ ተተኩ። ሰጪው ሲለወጥ የሰፈሩም ዕጣ ይለወጣል። ኩባንያ ቤትና ውሃ መስጠት ይችላል፤ መስጠትም አለበት። ሊሰጠው የማይችለው አንድ ነገር ቢኖር «ይህ ሰፈር የእኔ ነው» የሚለውን የነዋሪ ቃል ነው።

ተከራይስ?

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ አዳማ 127,842 ነዋሪ ነበራት። በ1999 ዓ.ም. 220,212 ሆነች። ከዚያ በኋላ ደግሞ እ.አ.አ. በ2014 የፍጥነት መንገዱ ተከፈተ፤ ዩኒቨርሲቲው ሰፋ፤ እ.አ.አ. በ2018 መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ባቡሩ መደበኛ ጉዞ ጀመረ። መንገደኛው አሁንም እየመጣ ነው። ልዩነቱ፣ የድሮው መንገደኛ እድር አቋቋመ፤ የዛሬው መንገደኛ ደግሞ በየዓመቱ ፍራሹን ተሸክሞ ቤት ይቀይራል።

ኮንዶሚኒየሙን እንይ። ከአዲስ አበባ የጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታ እ.አ.አ. በ2006 ወደ ክልል ከተሞች ሲወጣ አዳማም ደርሷታል። ንድፉን ያወጡት ሰዎች አኗኗራችንን ጨርሰው አልረሱትም፤ ከፎቆቹ ጎን እንጀራ የሚጋገርበት፣ በግ የሚታረድበት፣ ድንኳን የማያስፈልገው ለቅሶ የሚቀመጥበት የጋራ ቤት አስበዋል። የረሱት ሌላ ነገር ነው። አዋጅ ቁጥር 370/1995 ማኅበር እንዲያቋቁሙ ያዘዘው የቤት ባለቤቶችን ነው። ባለቤቱ ግን ብዙ ጊዜ ቤቱን አከራይቶ ሌላ ቦታ ነው የሚኖረው። ማኅበሩ የሌሉ ሰዎች ማኅበር ይሆናል፤ ያሉት ሰዎች ደግሞ ማኅበር የላቸውም። ደረጃው ላይ አምፖል ሲቃጠል ማን ይቀይራል? አራት ፎቅ ያህል ሰው በስልኩ መብራት እየወጣ ይወርዳል እንጂ!

እድሮችም ከዚህ ነቀፋ አያመልጡም። ብዙ እድር አዲስ አባል ሲቀበል፣ የቆየው ሰው በዓመታት ያዋጣውን የሚያካክስ ዳጎስ ያለ መግቢያ ይጠይቃል። ምክንያቱ ይገባናል፤ ድንኳኑና ድስቱ ከሰማይ አልወረደም። ለስድስት ወር የተከራየች ልጅ ግን ያንን ከፍላ አትገባም። ስለዚህ መንገደኛን ለመቅበር የተፈለሰፈው ማኅበር ዛሬ መንገደኛን በር ላይ ያቆማል።

አባል አለመሆን ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ከአዳማ ወደ ደቡብ፣ እስከ ሻሸመኔ ዝለቁ። ጃማይካ ሰፈር እዚያ ነው። እ.አ.አ. በ1948 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአፍሪካ ተወስደው በባርነት ለተበተኑት ወገኖች መመለሻ 500 ኤከር መሬት ሰጡ። ከካሪቢያንም ከሌላውም ዓለም ራስተፈሪያን መጥተው ሰፈሩ፣ ወለዱ፣ ከአካባቢው ሕዝብ ተጋቡ። ሰፈሩም በስማቸው ተጠራ። ሆኖም ለብዙ አሥርት ዓመታት ያለ ሕጋዊ መታወቂያ ኖሩ፤ መንግሥት ሊሰጣቸው መወሰኑን የገለጸው እ.አ.አ. በ2017 ነው። አገር በስምህ የሚጠራ ሰፈር ይኖርሃል፤ አንተ ግን በመዝገቡ ላይ የለህም። ተከራይነት ሲረዝም ይህን ይመስላል።

ጊዜ ለሰፈር ካፒታል ነው ብለናል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ይህን በከፊል የተረዳ ይመስላል። የኪራይ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። ብዙዎች ያዩት የዋጋውን ነገር ብቻ ነው። ለእኛ ግን ትልቁ ቁምነገር ሁለቱ ዓመት ነው። ሁለት ዓመት የሚቆይ ሰው የባለ ሱቁን ስም ያውቃል። የጎረቤቱን ልጅ ያውቃል። መዋጮ ማዋጣትም ትርጉም ይሰጠዋል። በተቃራኒው ደግሞ ሰፈር ለልማት ሲነሳ፣ ለቤቱ ካሳ ይተመናል፣ ምትክ ቦታ ይመደባል። የአርባ ዓመት እድር ግን በየአቅጣጫው ሲበተን የሚተምነው የለም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማት በአዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች ሲዘልቅ ሰፊ የእግረኛ መንገድና የተተከሉ ዛፎች አይተናል፤ ጥሩ ነው፣ የእግረኛ መንገድ ማን ይጠላል? በዚያ መንገድ ላይ ሲሄዱ ሰላምታ የሚለዋወጡ ሰዎች ግን በድንጋይ ንጣፍ አይተከሉም።

እንግዲህ ምን ይሁን?

ውሃውን፣ ቦዩንና መብራቱን ከመንግሥት እንጠይቅ፤ ይህ የእድር ሥራ አይደለም። ረጅም ውልን ከሕግና ከአከራይ እንጠይቅ። የቀረው ግን የእኛው ነው።

ለእድር ዳኞች አንድ ልመና አለን። ለተከራይ የሚሆን ሌላ መዝገብ ክፈቱ። መግቢያው ይቅር፤ በምትኩ የሚሰጠው ክፍያ አነስ ይበል። ተከራይ ሲመጣ ይመዝገብ፣ ሲሄድ ይሰናበት፤ እስካለ ድረስ ግን ተራው ደርሶት ወንበር ይሸከም፣ እሱም ሐዘን ሲደርስበት ወንበር ይሸከሙለት። የጥንቶቹ መሥራቾች የተሸከሙት ከዚህ የሚከብድ ነበር።

ለእኛ ቢጤ ተከራዮች ደግሞ እንዲህ እንላለን። «ስረጋጋ እገባለሁ፣ የራሴን ቤት ስገዛ ጎረቤት አበጃለሁ» አንበል። የባቡር ጣቢያዋን ከተማ የሠሩት ሰዎች የተረጋጉ አልነበሩም። ሻንጣቸውን ሳይፈቱ መዝገብ የገዙ ሰዎች ነበሩ። አንድ ደብተር፣ አሥር ስም፣ ትንሽ መዋጮ፣ ደረጃው ላይ የሚቀየር አምፖል፤ ከዚህ መጀመር ይቻላል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው ተረት እውነት የሚሆነው ጎረቤቱ ስማችንን ካወቀ ነው።